ጉንፋን የያዛቸው አምፕሊፋየሮች

ጌታ ይመስገን፣ መታወቂያዬ ተመልሶልኛል። ለዘጠኝ ቀን መገናኛ አንድ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ፣ ከባለቤቴ መታወቂያ ጋር በላስቲክ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ፎቶዎቻችን እንደዚያ ተጠጋግተው አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ አሜን ነው።

እማዬ ነቀምቴ እያለች በአሜኗ ትታወቅ ነበር። ሰባኪው "በኢየሱስ ስም" ብሎ ሳይጨርስ ከፊተኛው ወንበር የሚነሳው አሜን፣ ከኋላ ያንቀላፋውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው፣ "ከፊት የተቀመጡት እናት አሜን ሲሉ አትደንግጥ፤ ደግ ሰው ናቸው" ይሉት ነበር አሉ።

ግን አሜኗን እንዲሁ አትሰጥም። እያንዳንዱን ቃል አዳምጣ ነው። "አሜን ፊርማ ነው" ትላለች። "ያላነበብሽው ወረቀት ላይ ትፈርሚያለሽ?"

እኔ ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሰን ሳላነብ አሥራ አንድ ቦታ ፈርሜያለሁ። አልነገርኳትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ ሲደክም ወደ እኛ አመጣናት። ቦሌ ቡልቡላ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ከወጣች በኋላ አንድም ቀን አልወረደችም። ጎረምሶች ጠርተን በወንበር እናውርድሽ ስንላት፣ "በሰው ትከሻ የምወርደው አንዴ ነው። ያኔ ደግሞ ፈቃዴን አትጠይቁኝም" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበር ያነሳ ሰው የለም።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ተስፋዬ ከእሷ ጋር ቤት ሆነን አገልግሎቱን በቀጥታ ስርጭት እንከታተላለን። ስልኩን ባዶ ድስት ውስጥ እናቆመዋለን፤ ድምፁ ከፍ ይላል። ፓስተራችን ይህን አያውቁም እንጂ ለሁለት ዓመት ከሽሮ ድስት ውስጥ ነው የሰበኩልን።

እማዬ ግን አሜን ማለት ተወች። ስብከቱን ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። "እንጸልይ" ሲባል ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ ጸሎቱ ያልቃል፤ እኔ አሜን እላለሁ፤ ተስፋዬ አሜን ይላል። ከእሷ ሶፋ በኩል ዝም።

"እማዬ፣ ምነው?" አልኳት አንድ እሁድ።

"ስብከቱ ደህና ይሰማኛል። ጸሎቱ ላይ ነው የሚጠፋብኝ። ውሃ ውስጥ ይገባል።"

ተስፋዬ ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ነው። ወዲያው ገባው። "ሰው ሲጸልይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ድስት አይችለውም።"

አመንኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አምኜዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርስ ነበር። ግን አንድ ሰኞ ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ደወለ። ዮናስ ወንጌላዊ ነው፤ ላምበረት አካባቢ በአንዲት ትንሽ አጥቢያ ለዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። በሦስተኛው እሁድ፣ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ በፓስተራችን ቦታ ቆሞ እንዲሰብክና እንዲጸልይ ተጠርቷል። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

እማዬ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፤ አመሰገነች። ከዚያ ዘጋችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ወደ እኛ ስትመጣ የገዛሁላትን ወፍራም የሱፍ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

"ልጄ ሲጸልይ ሳልሰማ አሜን አልልም" አለች። "አሜን ካላልኩለት ደግሞ ምኑን እናቱ ሆንኩ?"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ምስር ለቅሜ የለቀምኩትን መልሼ እለቅማለሁ። ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ እመለሳለሁ። ሦስት እሁድ። ከዚያ በኋላ ዮናስን ማን እንደገና ይጠራዋል? እሷስ ስንት እሁድ አላት?

"ስትሪሚንግ አምፕሊፋየር ነው የሚያስፈልገን" አለ ተስፋዬ። "ከኢንተርኔት ላይ ስርጭቱን ራሱ ይወስዳል። ስልክ አይፈልግም፤ ድስት አይፈልግም። ከስፒከር ጋር ማገናኘት ብቻ።"

ስፒከር አለን። ከወንደላጤነቱ ጀምሮ ያሉ፣ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች። አንዱ ላይ አበባ፣ አንዱ ላይ የእኔ ቻርጀር ነበር የሚቀመጠው።

"ታዲያ ግዛው" አልኩ።

"እንዲሁ አይገዛም። ይወዳደራል።"

አንድ ሳምንት ሙሉ አወዳደረ። ሁለት ቀርተውታል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ብርማ። ሠንጠረዥ ሠራ። ከቢሮ ሲመጣ እራት ሳይቀርብ ላፕቶፑን ይከፍትና የፈረንጆቹን አስተያየት ያነብልኛል። አንዱ ፈረንጅ ስለ ጥቁሩ ሲጽፍ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው ይላል። ሌላው ጨለም ያለ ነው ይላል። ስለ ብርማው ደግሞ ሁሉም ተስማምተው፣ ሐቀኛ ነው ይላሉ።

"ሐቀኛውን ግዛ" አልኩት።

"ሐቀኝነት ብቻውን አይበቃም" አለኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ከሆነ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ ጎትቼ መገናኛ ወሰድኩት። ሱቁ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት አለው። ቀናሁ። ባለሱቁ ሳቂታ ሰው ነው፤ ኮፍያ አድርጓል፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ሁለቱንም አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን አስቀመጠና ዘፈን ከፈተ።

"ዘፈን አይሁን ወንድሜ" አልኩ።

"ለሙከራ ነው እኮ እናቴ። ቤዙን እንዲሰሙት ብዬ ነው።"

"ቤዙን በስብከት አሰማኝ።"

ሳቀና ለተስፋዬ ቦታውን ለቀቀለት። ተስፋዬ ያለፈውን እሁድ አገልግሎት ከቤተ ክርስቲያናችን ገጽ ላይ አገኘ። የማወዳደር ሕጉን መንገድ ላይ ነግሮኛል፤ ግማሽ ደቂቃ በጥቁሩ፣ ግማሽ ደቂቃ በብርማው፣ እንደገና በጥቁሩ። ጆሮ ሳይረሳ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ነው።

ጥቁሩን ከፈተ። ፓስተራችን ከስፒከሩ ውስጥ፣ "ወገኖች፣ ቆመን እንጸልይ" አሉ።

ቆምን። ዓይናችንን ጨፈንን። ባለሱቁ ኮፍያውን ሲያወልቅ ድምፁ ተሰማኝ።

ግማሽ ደቂቃ አለፈ። ተስፋዬ ጆሮዬ ሥር፣ "ልቀይረው?" አለ።

"ጸሎት ይቋረጣል እንዴ?" አልኩት ዓይኔን ሳልገልጥ።

ፓስተራችን የዚያን ቀን ስለ አገር ጸለዩ፤ ስለ መሪዎች ጸለዩ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ተማሪዎች፣ ስለ መንገደኞች በየብስና በአየር ጸለዩ። ከኋላዬ የሱቁ በር ተከፈተ። ሁለት ሴቶች ገቡ።

"ውይ! ማን ሞቶ ነው?" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ። ዝም በይና ነጠላሽን አስተካክይ።"

በሩ እንደገና ተከፈተ። አሁንም እንደገና። በመጨረሻ አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ሱቁ ሞልቷል። የሕንፃው ዘበኛ ሳይቀር ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ባለነጠላዋ ሴት እጄን ያዘችና፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ" አለችኝ።

"አሜን" አልኩ። ምን ልበል?

ተስፋዬ ሽቦውን ነቅሎ ብርማው ላይ እስኪሰካ ድረስ አገልግሎቱ ማስታወቂያ ላይ ደረሰ። የወጣቶች ልምምድ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የጠፋ ጃንጥላ ቢሮ ይገኛል። ጥቁሩ ጸሎት ደረሰው፣ ብርማው ጃንጥላ።

"ጥቁሩ ጥልቀት አለው" አለ ተስፋዬ እያሰበ።

"ጥልቀቱ የጸሎቱ ነው" አልኩ። "ከጃንጥላ ምን ጥልቀት ትጠብቃለህ?"

ባለሱቁ አዘነልን መሰለኝ። "ሁለቱንም ውሰዱና ቤት ሞክሩ። የማትፈልጉትን ትመልሳላችሁ። ለአንዱ አንድ መታወቂያ አስይዙ" አለ። መታወቂያዎቻችን መሳቢያ ገቡ። እኛ በሚኒባስ፣ እኔ ጥቁሩን፣ ተስፋዬ ብርማውን ጭናችን ላይ አድርገን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፈን ወደ ቡልቡላ ሄድን።

እሁድ ጠዋት ሽቦ ሲስተካከል አገልግሎቱ አለቀብን። እውነተኛው ውድድር የተጀመረው ሰኞ ነው። ዳኛዋ እማዬ ናት።

ተስፋዬ አንድ ፈተና ነበረበት። አንድን ጸሎት ሁለቴ ሊያሰማት አልቻለም። በመጀመሪያው ሙከራ ጸሎቱን በጥቁሩ አሰምቶ፣ እንደገና በብርማው ሊደግመው ሲል እማዬ እጇን አነሳች።

"ይሄን አሁን ጸለይን አይደለም እንዴ?"

"አዎ እማማ፣ ለማወዳደር ነው።"

"እግዜር በመጀመሪያው አልሰማም ብለህ ነው?"

ተስፋዬ ድጋሚውን አጠፋው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ጸሎቱ በጥቁሩ፣ ስብከቱ በብርማው ሆነ። የእሁዱ አገልግሎት ነው የተከፈተው። ስንጨርስ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠየቃት።

"እማማ፣ የትኛው ይሻላል?"

አሰበች። "ሲሰብኩ ደህና ናቸው። ሲጸልዩ ግን ጉንፋን ይዟቸዋል።"

"ማንን?"

"ፓስተሩን ነዋ! ድምፃቸው ታፍኗል። አልሰማህም?"

"እማማ፣ እሱ አምፕሊፋየሩ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ የሰው ጉንፋን አላውቅም?"

ተስፋዬ ከጥቁሩ አንጻር 'ጉንፋን' ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ ገለባበጠው፤ ጸሎቱ በብርማው፣ ስብከቱ በጥቁሩ። እማዬ በዚህ ሳምንት ያልጸለየችው ጸሎት ስለሚያስፈልግ ከዚያ በፊት የነበረውን እሁድ ከፈተ።

"አሁንም ጉንፋን" አለች እማዬ። "ይሄ የመቼ ነው?"

"ያለፈው ሳምንት ነው እማማ።"

"ያኔም ታመው ነበር?" እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ውይ ጌታዬ፣ ሳምንት ሙሉ!"

ረቡዕ የባሰውን አመጣ። ተስፋዬ ሌሎቹን ጸሎቶች ስለጨረሰ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ሄደ። በጥቁሩ። ጉንፋን። የፓስተራችን ሕመም በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ሳምንት ሞላው።

ተስፋዬን ያኔ ብታዩት ታዝኑለት ነበር። ሠንጠረዡን ትክ ብሎ ያያል። ጥቁሩ ሁለት ጉንፋን፣ ብርማው አንድ ጉንፋን፤ ጸሎት የደረሰው ሁሉ ይታመማል። ፈረንጆቹ ይህን አልጻፉም። በመጨረሻ ጥፋቱን ቤቱ ላይ ጣለ። "ግድግዳው ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል" አለና ብርድ ልብሶቻችንን ሰብስቦ በምስማር ሰቀለ። የእኛ አልበቃ ሲለው የእማዬን ጨመረ። ከሥር ያለችው ጎረቤታችን ምስማሩን ሰምታ ወጣች፤ ቤቱን አይታ፣ "ልትለቁ ነው?" አለች። ፍራሹም በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር የምናገረውን አላመነችኝም።

እማዬ ብርድ ልብሷ ግድግዳ ላይ ስለወጣ በረዳት። ሻርፗን ደረብ አድርጋ ያዘች። እኔ አየሁ፤ ሻይ አመጣሁላት። ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ልቤ ሩጫ ላይ ነበር።

ስልኳን አንስታ እትዬ አስቴር ጋ እንደደወለች አላወቅሁም።

እትዬ አስቴር የቤተ ክርስቲያናችንን የጸሎት ሰንሰለት የሚመሩ እናት ናቸው። አንድ ጉዳይ እሳቸው ጋ ከደረሰ እሳቸው ለሦስት ሰው ይደውላሉ፤ ሦስቱ ለሦስት ሦስት። እማዬ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ "ፓስተር ሦስት ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው እየደበቁ ነው። አስቡአቸው።" ሐሙስ ጠዋት እኔ ራሴ ከሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ተደወለልኝ። እስኪደርሰኝ ድረስ ጉንፋኑ ጉሮሮ ሆኗል፤ ጉሮሮው ሐኪም የከለከለው ሆኗል። "ሦስት ቀን እንጾማለን" አለችኝ ደዋይዋ እያለቀሰች። "አንቺስ ሰምተሻል?"

ሰምቻለሁ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ዮናስ ደወለ።  "እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ ፓስተር እንዲያርፉ ወስነዋል። እኔ በሚመጣው እሁድ ሳይሆን በዚህኛው ነው የምሰብከው። ለእማዬ ንገሪልኝ።"

በሳምንት ቀደመ። አምፕሊፋየሮቹ ጉንፋን እንደያዛቸው ናቸው፤ ቀሪው ሦስት ቀን ነው። በዚያ ላይ ወንድሜ ወደ ምስባኩ የሚወጣው በእናቴ ጆሮና በባሌ ሠንጠረዥ ነው። ይህን ይዤ መጸለይ አቃተኝ። አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ ጉንፋን ብቻ ነው።

ዓርብ ልናዘዝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ አዲስ ዘበኛ አለ።

"መታወቂያ እናቴ።"

"የለኝም።"

"የት ሄደ?"

"መገናኛ ነው። አምፕሊፋየር ወስጄበት።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "የባለቤትዎስ?"

"እሱም እዚያው ነው። ሁለት ነው የወሰድነው።"

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። "ለፓስተር ማር ይዘዋል?"

"አልያዝኩም።"

"ዝንጅብልስ? ዳማከሴ?"

"ምንም አልያዝኩም።"

"እንግዲያው ከጠዋት ጀምሮ ባዶ እጅዎን የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይግቡ፤ ደስ ይላቸዋል።"

እውነቱን ነው። የፓስተራችን ጠረጴዛ አይታይም። የማር ማሰሮ፣ የማር ብልቃጥ፣ ፌጦ፣ የዝንጅብል ክምር። እሳቸው ከኋላው ሆነው፣ ጤነኛ፣ ቀይ ዳማ ፊታቸው ወዝቶ፣ ተስፋ ቆርጠው ተቀምጠዋል።

"እህቴ" አሉኝ፣ "ደህና ነኝ ስላቸው 'በእምነት ነው የሚናገሩት' ይላሉ። ባሰባቸው። እያለቀሱ እጃቸውን ጫኑብኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አሜኗ፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ጉንፋኑ። "እርስዎ አልታመሙም ፓስተር። የታመመው አምፕሊፋየሩ ነው" ብዬ ጨረስኩ።

"የትኛው?"

"ሁለቱም። ተራ በተራ።"

መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ባሰ፤ ከዚያ ማሩ ጉሮሯቸው ላይ ነበር መሰለኝ ሳሉ። ጸሐፊዋ ሳሉን ሰምታ በሩን በርግዳ ገባች። "አላልኩም!" አለች፤ ካፖርታቸውን አልብሳ ወደ ቤታቸው ይዛቸው ሄደች። እሳቸው በሩ ላይ ዞረው፣ "ዕረፍት ስጠኝ ብዬ ለሁለት ዓመት ስጸልይ ነበር። አንቺ አትጨነቂ። እኔ ለሽማግሌዎቹ አስረዳለሁ፤ ወንድምሽ ግን ይስበክ" አሉኝ።

እኔ ከማር ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሸክሙ ቀለለልኝ፤ ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። እናቴ አሁንም አትሰማም።

እሁድ መጣ። ጥቁሩ በጉንፋን ሁለት ለአንድ ስለበለጠ ተስፋዬ ብርማውን መረጠ። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በብርድ ልብሶቹ መሐል ተቀመጠች። እኔ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" አለችኝ።

ዮናስ ወጣ። መጀመሪያ ድምፁ ቀጠነ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ስብከቱን አሁን አልደግመውም። እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ተከተለችው። አንዴ ጥቅስ ሲሳሳት ከሶፋው ላይ አረመችው።

ከዚያ፣ "ቆመን እንጸልይ" አለ።

ተስፋዬ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ቆምኩ፤ ጨፈንኩ። ዮናስ ጀመረ።  አንድ ዓረፍተ ነገር አለፈ፤ ከሶፋው ዝም። ሌላ አለፈ፤ ዝም። እኔ አላስቻለኝም። ጌታ ይቅር ይበለኝና ከሕፃንነቴ ጀምሮ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። በጸሎት መሐል አንድ ዓይኔን ገለጥኩ።

እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች። እጆቿ ግን ቀስ ብለው እየሠሩ ነው። የሱፍ ሻርፗን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች። ሴት ልጅ ራሷን ሳትሸፍን አትጸልይም። በዝግታ አንድ ዙር ጠመጠመችው። ቤቱ ስለበረዳት ሁለተኛ ዙር ደገመችው። ጫፎቹን ከአገጯ ሥር አጥብቃ አሰረች። ሁለቱም ጆሮዎቿ፣ እኔ መርጬ በገዛሁላት፣ ብርድ አያስገባም ብሎ ሻጩ በማለልኝ ሱፍ ሥር ተቀበሩ።

ሁለት ዓመት። እሁድ እሁድ። እሷ ስትጠመጥም እኛ ዓይናችንን ጨፍነን።

የሚጸልይን ሰው አይጠሩትም። የሚጸልይን ሰው ራስ አይገልጡም። በእግሬ ጣት ሄድኩ። የተስፋዬን ወንበር ዞርኩ፤ ፍራሹን ዞርኩ። አጠገቧ ተንበረከክሁና ሁለት ጣቴን ከሻርፑ ሥር አስገብቼ ከቀኝ ጆሮዋ ላይ ትንሽ አነሳሁት።

ዮናስ፣ "ዛሬ ወደዚህ መምጣት ላልቻሉ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ለሚሰሙ፣ ለጉልበታቸው፣ ለብቸኝነታቸው..." እያለ ነበር።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ ቅንድቧ ተነሣ። ከዚያ ከንፈሯ ቃሉን ይከተል ጀመር። ዓይኗን አልገለጠችም። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አዳመጠችው፤ እንደ ሁልጊዜዋ አንድም ሳታስቀር። ዮናስ "በኢየሱስ ስም" አለ።

"አሜን!"

ተስፋዬ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ግድግዳው ላይ ያለው ብርድ ልብስ አንዱ ምስማሩን ለቀቀ። ከሥር ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን መታች፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ገብቷት ይሆን አላውቅም፣ ድምፁ አልተደገመም።

"ዮናስን ጉንፋን አልያዘውም" አለች እማዬ እንባዋን እየጠረገች። "ጥርት ያለ ድምፅ! ጌታ ይመስገን።"

ነገርኳት። ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ እንዳላሳፍራት። እጇን ወደ ራሷ ላከች። ሻርፑን ዳሰሰችው፤ ውፍረቱን በጣቶቿ ለካችው።  ተስፋዬ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ላፕቶፑን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ከለከልኩት።

"ይሄን ሻርፕ ማን ነው የገዛልኝ?" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"ጌታ ይባርክሽ" አለች። "ይሞቃል።"

ሰኞ ሁለቱንም አምፕሊፋየሮች መለስን። ባለሱቁ፣ "የትኛው አሸነፈ?" ሲል ተስፋዬ፣ ውድድሩ አሁን ያለ ሻርፕ ከመጀመሪያው መደገም አለበት አለው። ፓስተራችን አርፈው ተመለሱ። ሰንሰለቱ የእሳቸውን መፈወስ እየመሰከረ ነው፤ እውነቱን ለእትዬ አስቴር ነግሬያቸው ነበር፣ "ጸለይን፤ ደህና ሆኑ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ።

ስልኩ ወደ ድስቱ ተመልሷል። ስስ ነጠላ አምጥቼላት ነበር፤ እጥፍ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረችው። ልጇ የገዛችላትን ሻርፕ አትለውጥም። እኔም እሁድ እሁድ "እንጸልይ" ሲባል ከሶፋዋ አጠገብ እንበረከካለሁ፤ ሁለት ጣቴን ከሱፉ ሥር አስገባለሁ፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንደኛውን ብቻ።